ሳልን የሚያሽረው ምንድን ነው?

የዛሬው ጉዳያችን ስሙ ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም ከመካከላችን የማያውቀው የለም። ሐኪሞች «ብሮንካይትስ» ይሉታል፤ እኛ ደግሞ «ብርድ ደረቴን መታኝ» እያልን እንከርምበታለን። በጉንፋን ይጀምራል፣ ወደ ደረት ይወርዳል፣ አክታ ያመጣል፣ ከዚያም ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰ ሳምንታት ይቆያል። በሐምሌና በነሐሴ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባሉት ከተሞቻችን በሆሳዕናና በዱራሜ ብርዱ ሲበረታና ሰው ሁሉ ቤት ዘግቶ እሳት ሲሞቅ፣ በየመንደሩ የሚሰማው ይኸው ሳል ነው። ዛሬ ላሳምናችሁ የምሻው አንድ ነገር ነው። ብሮንካይትስ በአብዛኛው ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ አንቲባዮቲክ አይድንም። አዲሱን ሳል የሚያሽረው ጊዜ ነው፤ ሥር የሰደደውን የሚያስታግሠው በመጀመሪያ ጭስን ማራቅ ነው፤ አንቲባዮቲክ በዋናነት የሚፈለገው ሳል ብቻ መስሎ ለሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። ሦስቱን ሳንለይ ለሁሉም አንድ ዓይነት እንክብል መዋጣችን ገንዘባችንንም ጤናችንንም ያስከፍለናል።

ነገሩ እንዲገባን ደረታችን ውስጥ የሚሆነውን እንይ። የምንተነፍሰው አየር ወደ ሳንባ የሚደርሰው እየተከፋፈሉና እየቀጠኑ በሚሄዱ ቧንቧዎች ነው። የቧንቧዎቹ የውስጥ ገጽ በዓይን በማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። እነዚህም አቧራውንና ተሕዋስያኑን የያዘውን ልጋግ ያለማቋረጥ ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። የጉንፋን ወይም የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሲገባ ይህን ሽፋን ያቆስለዋል፤ ቧንቧው ያብጣል፣ ልጋጉ ይበዛል፣ ጠራጊው ፀጉር ግን ሥራውን ያቆማል። የተጠራቀመውን ማውጣት የሚቻለው በሳል ብቻ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ቫይረሱን በሳምንት ገደማ ያሸንፈዋል፤ የቆሰለው ሽፋን እንደገና እስኪበቅል ግን ሳምንታት ይፈጃል። እንግዲህ ሳሉ የሚቆየው በሽታው ስላየለ ሳይሆን ጥገናው ስላላለቀ ነው። አዲስ የሚይዝ ብሮንካይትስ ከአሥር ዘጠኙ ያህል መነሻው ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም።

ታዲያ አንቲባዮቲኩን የምንገዛው ለምንድን ነው? አንዱ መልስ ሳል ስንት ቀን እንደሚቆይ ያለን ግምት የተሳሳተ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አዋቂዎችን «እንዲህ ያለ ሳል ስንት ቀን የሚቆይ ይመስላችኋል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። የግምታቸው አማካይ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ቀን ነበር። ተመራማሪዎቹ የበሽተኞችን ሳል የተከታተሉ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያሰሉ ግን ትክክለኛው አማካይ 18 ቀን ገደማ ሆነ። ጥናቱ የተካሄደው ባሕር ማዶ ቢሆንም እኛም የምንቆጥረው በሳምንት ነው። ሰባተኛው ቀን ሲያልፍ «ይህስ ጠና» ተብሎ ወደ መድኃኒት ቤት ይኬዳል። እዚያ ባንኮኒው ላይ አሞክሳሲሊን በሙሉ መጠን ሳይሆን እንደ ኪስ አቅም፣ በፍሬ ተቆጥሮ ይገዛል፤ ከካርቶኑ ተቀንሶ በወረቀት ይጠቀለላል። እንክብሉ በስምንተኛው ቀን ተጀምሮ በአሥራ አምስተኛው ሳሉ ሲለዝብ ምስጋናው የመድኃኒቱ ይሆናል። ሳሉ ግን ያለ እሱም ያን ጊዜ ሊለዝብ ነበር።

«እኔ ወስጄ ተሽሎኛል» የሚለው ሙግት የሚፈተነው በዚህ ነው። አንድ ሰው ወስዶ መዳኑ መድኃኒቱ አዳነው ማለት አይደለም፤ ሳይወስድ ምን ይሆን እንደነበር አናውቅምና። ይህን ለማወቅ ያለው መንገድ ተመሳሳይ ሕመም ያላቸውን ብዙ ሰዎች በዕጣ ከፍሎ ግማሹን መድኃኒቱን፣ ግማሹን መድኃኒት አልባ ተመሳሳይ ክኒን መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ የታተመው የ12 የአውሮፓ አገሮች ጥናት ይህንኑ አድርጓል። የሳንባ ምች ያልተጠረጠረባቸው ከ2,000 የሚበልጡ ሳል የያዛቸው አዋቂዎች ተካፍለውበት አሞክሳሲሊን የወሰዱትና ያልወሰዱት የሳላቸው ቆይታ አልተለያየም። ከ5,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉባቸውን 17 ጥናቶች አንድ ላይ የመዘነው፣ ኮክሬን የተባለው የተመራማሪዎች ማኅበር ግምገማም አንቲባዮቲክ ሳልን የሚያሳጥረው በግማሽ ቀን ገደማ እንደሆነ፣ በምትኩ ግን ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና ሽፍታ እንደሚጨምር አገኘ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም መጽሐፍም ለብሮንካይትስ አንቲባዮቲክ አይመክርም።

«አክታዬ አረንጓዴ ሆኗልና ተመርዟል» የሚልም አለ። ይህ እምነት በበሽተኛው ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ በሚያክመውም ዘንድ ይታያል። አክታን ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሚያደርገው ግን በሽታ ለመከላከል የወጡት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያመነጩት ኢንዛይም ነው። እነሱ ደግሞ ለቫይረስም ለባክቴሪያም ይወጣሉ። ስለዚህ ቀለሙ ውጊያ መኖሩን ይናገራል እንጂ ጠላቱ ማን እንደሆነ አይናገርም። «መርፌ ካልተወጋሁ አይለቀኝም» የሚለውም ከዚህ አይለይም። ቫይረስን የማይገድል መድኃኒት በክኒን ፈንታ በመርፌ ቢሰጥ ሕመሙና ዋጋው ይጨምራል እንጂ ኃይሉ አይለወጥም።

«ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል?» የሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉም የከበደ ስለሆነ በቀላሉ አይታለፍም። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው በራሱ በሚወስደው ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ አለርጂ፣ የሆድ ሕመም፣ የባከነ ገንዘብ። ሁለተኛው የጋራ ነው። አንቲባዮቲክ በተወሰደ ቁጥር በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች ደካሞቹ ይሞታሉ፣ የተላመዱት ይተርፋሉ፤ የተረፉት ይራባሉ፣ ወደ ልጅና ወደ ጎረቤትም ይተላለፋሉ። ነገ አንድ ሕፃን እውነተኛ የሳንባ ምች ሲይዘው በጤና ኬላ ያለው ርካሹ አሞክሳሲሊን ላይሠራለት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል። ለማይፈልገው ሳል የተዋጠው እንክብል የተወሰደው ከሚፈልገው ሰው ድርሻ ነው።

አሁን ከጤና ባለሙያዎች የሚነሳውን መቃወሚያ ልመልስ። በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምርበት የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ በዱራሜም ሆስፒታል አለ። ነገር ግን በየቀበሌው ራጅ የለም፤ በሽተኛው ከሩቅ መጥቶ ነገ ላይመለስ ይችላል፤ «የሳንባ ምች ሆኖ ቢገኝስ?» የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው። ስጋቱን የሚያቃልለው ግን ለሁሉም አንቲባዮቲክ ማደል ሳይሆን የሳንባ ምችን ከብሮንካይትስ በምልክት መለየት ነው። ይህም ያለ ራጅ ይጀመራል። ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱ ከሆዱ ላይ ተገልጦ፣ በስልክ ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹ ይቆጠራል፤ ሆዱ አንዴ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ይባላል። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ ሳል ካለውም የሳንባ ምች ይጠረጠራል። ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የፈዘዘ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን ቆጠራ ይሠሩበታል፤ እናትና አባትም ሊማሩት ይችላሉ። ለአዋቂ ደግሞ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ የማይበርድ ወይም በርዶ የተመለሰ ትኩሳት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የአእምሮ መወናበድ የጥድፊያ ምልክቶች ናቸው። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ ሕመም ወይም ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎችም ሳሉ ሳይብስ ቢታዩ ይመረጣል።

ሌላም ጥያቄ አለ። ሳል 18 ቀን መቆየቱ የተለመደ ከሆነ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር የሚለው የአገራችን መመሪያ ከዚህ ጋር አይጋጭም ወይ? አይጋጭም። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ስለዚህ አሥራ አራተኛው ቀን ካለፈ አክታን ማስመርመር ይገባል፤ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ተቋማት ያለ ክፍያ ነው። አብዛኛው ሰው ነፃ ሆኖ ይመለሳል፤ የታመመው ደግሞ ቤተሰቡን ሳያዳርስ ይታከማል። የአሥራ አራተኛው ቀን ሥራ እንግዲህ አክታን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ሁለተኛ ዙር እንክብል መግዛት አይደለም። እንዲያውም እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ መድኃኒቶች የነቀርሳውን ባክቴሪያ ለጊዜው ስለሚያዳክሙት በሽታው ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ሌሊት ሌሊት በሲርሲርታ የሚመላለስ ሳልም አስም ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

እስካሁን የተናገርሁት በቀናት ስለሚያልፈው ሳል ነው። የማያልፈውስ? በዓመት ሦስት ወር ያህል አክታ ያለው ሳል፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ፣ ሌላ ምክንያት ሳይገኝለት ከቆየ ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ ይባላል። በበለጸጉት አገሮች ዋናው መንስኤ ሲጋራ ነው። በኢትዮጵያ ግን የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከሴቶች የሚያጨሱት አንድ ከመቶ ገደማ ናቸው። በአንጻሩ ከአሥር ቤተሰብ ከዘጠኝ በላይ የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ነው። በሐዲያና በከምባታ ያለውን ማድቤት አስቡት። ቆጮ ሲጋገር ምጣዱ ሦስት ጉልቻ ላይ ነው፤ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ፣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል፣ ኩበት ይማገዳል። እሳቱ ሲደክም እናት ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፤ ጭሱ በሚወጣበት ቦታ ፊቷ አለ፣ በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን አለ። ይህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከልጅነት እስከ እርጅና ይደጋገማል። ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና ስንመጣ በምናልፋት በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቤቶች ተለክቶ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ በቤት ውስጥ አየር ያለው የናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ መጠን በጊዜው ከነበረው የዓለም የጤና ድርጅት ገደብ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ጭሱ ጠራጊዎቹን ፀጉሮች ያሰንፋል፣ ልጋግ አመንጪዎቹን ያበዛል፣ ቧንቧውን ያጠባል። እንዲህ ያለውን ደረት ጭሱን ሳያርቁ በክኒን ማከም ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ለዚህ ከታሪክ ጥሩ ምስክር አለ። ብሮንካይትስ በአንድ ወቅት የእንግሊዞች በሽታ እስከመባል ደርሶ ነበር፤ ከተሞቻቸው ቤታቸውን የሚያሞቁት በድንጋይ ከሰል ነበርና። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለንደንን ለአምስት ቀናት የሸፈናት ጭስ የቀላቀለ ጭጋግ በጊዜው ቆጠራ 4,000 ያህል፣ በኋላ በተደረጉ ግምቶች ደግሞ እስከ 12,000 ሰው ገድሏል። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ፔኒሲሊን ነበር፤ ሆስፒታልም ሐኪምም ነበር። ለውጥ ያመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ነው። ሕጉ ጭስ አልባ ቀጠናዎችን ፈጠረ። ምድጃውን ለሚቀይር የቤት ባለቤት ደግሞ ከወጪው ከአሥር ሰባቱን ከሕዝብ ገንዘብ እንዲመለስለት አደረገ። ጭስ የሰነፍ ባለቤት ጥፋት ሳይሆን የሕዝብ ጤና ጉዳይ ነው ብለው ያመኑ ሰዎች ያደረጉት ነው።

«አያቶቻችን በጭስ ውስጥ ኖረው ዘጠና ሞሉ፤ ጭሱ የሣር ክዳኑን ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቃል፣ ቤቱንም ያሞቃል» የሚሉ አሉ። ጭስ ክዳን መጠበቁ እውነት ነው። ነገር ግን ዘጠና የሞሉትን የምናያቸው ስለተረፉ ነው፤ በስልሳ ዓመታቸው ውሃ መቅዳት አቅቷቸው ቤት የዋሉትን አንቆጥራቸውም። ደግሞም የዛሬው የሆሳዕናና የዱራሜ ቤት ክዳኑ በአብዛኛው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ምስጥ አይበላውምና ጭሱ ምንም የሚጠብቀው የለም። ከዚህ የሚከብደው መቃወሚያ ከሳይንስ የሚመጣው ነው። ማላዊ ውስጥ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ያሉባቸው ቤቶች ተካፍለውበት እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ትልቅ ጥናት የተሻሻለ ምድጃ የሕፃናትን የሳንባ ምች አልቀነሰም። ይህን መደበቅ አይገባም። ከእሱ የምንማረው ግን ጭስን በከፊል መቀነስ፣ ጎረቤት እየጨሰና ቆሻሻ በየአጥሩ እየተቃጠለ እንደማይበቃ ነው። በቻይና ሹዋንዌይ ደግሞ ከ20,000 በላይ ገበሬዎች ከ1976 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ያለው የጤና ታሪካቸው ታይቶ ነበር። ጭስ ማውጫ የሌለውን ምድጃ ጭስ ማውጫ ባለው የቀየሩት በኋላ ሥር በሰደደ የሳንባ ቧንቧ በሽታ የመያዛቸው ዕድል በወንዶች በ42 ከመቶ፣ በሴቶች በ25 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። ጭሱ ከቤት ወጥቶ ለዓመታት ሲቆይ ደረት ይመለሳል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አዲስ ሳል የያዘው ሰው ትኩስ ነገር ይጠጣ፣ ይረፍ፣ ለትኩሳትና ለቁርጥማት ፓራሲታሞል ይውሰድ። የቡላ አጥሚቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ጤና አዳሙ ጉሮሮን ያለዝባሉና አይከለከሉም። ማር የሌሊት ሳልን ያስታግሣል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ፈጽሞ አይሰጥም። በፈላ ውሃ እንፋሎት መታጠን ልጆችን ስለሚያቃጥል ይቅር። እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስና መመረዝ እንጂ ለሳል የሚፈይደው የለም። በያሆዴና በመሳላ በዓላት ሰሞን ዘመድ ከየአገሩ ሲሰበሰብ የሚያስለው ሰው ከአራስና ከአረጋዊ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የሳንባ ምችን የሚከላከለው ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣልና አያምልጣችሁ። ሥር የሰደደው ያለበት ሰው ሐኪም ሲያዝለት የሚተነፈስ መድኃኒት ይጠቀም፤ እሱ ሕመሙ ድንገት ሲያገረሽበት፣ አክታው በዝቶና መግል መስሎ ትንፋሹ ሲያጥር፣ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልገው ይችላል። ይህም በሐኪም ውሳኔ ነው።

ማድቤቱን በተመለከተ የሁሉም አቅም አንድ አይደለም። የሚችል የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጠቀም፤ የማይችል «ምርጥ» እና «ላቀች» የተባሉትን ቆጣቢ ምድጃዎች ይያዝ፤ እንጨትና ከሰል ስለሚቆጥቡ ከጭሱም ይቀንሱለታል። ይህም የማይቻለው ማድቤቱን ከመኝታ ቤት ይለይ፣ ከጣሪያው ሥር መውጫ ይክፈት፣ እንጨቱን አድርቆ ይማግድ፣ ሕፃኑን ምጣዱ እስኪወጣ ለሌላ ሰው ያሲዝ። ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ብቻ ደኅና አይደለም፤ በተዘጋ ክፍል ካሳደሩት ይገድላል። እናት ብቻዋን ይህን ሸክም ትሸከም ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የቤቱን ገንዘብ የያዘው አባወራ፣ ለቤት ሠሪ ፈቃድ የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤት፣ ማኅበሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ፣ ከውጭ ገንዘብ የሚልከው ልጅ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ዘመናዊ ሳሎን ተሠርቶ ከጓሮው ያለ መስኮት የቀረ ማድቤት ያለቀ ቤት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም።

መድኃኒት ቤቶች ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ አይሽጡ፤ ሕጉም አይፈቅድም። ባለሙያው ለበሽተኛው «አንቲባዮቲክ አያስፈልግህም» ሲል ከዚያው ጋር «ሳልህ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ይህና ይህ ምልክት ከታየብህ ግን ዛሬውኑ ተመለስ፣ ሁለት ሳምንት ካለፈም አክታህን አስመርምር» ይበለው። ቀኑንና ምልክቱን የተነገረው ሰው ባዶ እጁን ተመለስሁ አይልም፤ የሚጠብቀውን አውቆ ሄዷልና። ያን ጊዜ እንክብሉ ለሚፈልገው በሽተኛ ይተርፋል፤ ቤተሰቡም ለእንክብል ያወጣው የነበረውን ገንዘብ ለጭስ ማውጫ ሊያውለው ይችላል።